በጎጃም ከተሞች ካሪካቸር እየሣሉ ለመተዳደር፦ ለጀማሪ ሠዓሊ የተጻፈ መመሪያ

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ወንበር አስቀምጬ መሣል በጀመርኩበት ዓመት፣ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ተቀምጠው ስለነበር ከጎን በኩል እንደታዩኝ ሣልኋቸው። አፍንጫቸው ቀጥ ብሎ የወረደ፣ አገጫቸው ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ ከጎን ሲታዩ ለካሪካቸር፣ ማለትም የሰውን መልክ አጋንኖ ለሚያሳይ ሥዕል፣ እጅግ የሚመቹ ነበሩ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱትና «ልጄ፣ አንዱን ዓይኔን የት አደረስኸው? ይሁዳ አደረግኸኝ እኮ» አሉኝ። ሥዕሉን ሳይወስዱት ሄዱ።

የነገሩ ምንጭ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይገኛል። በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎቹ የጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ በጥንቱ ሥርዓት በተሣሉት ሥዕሎች ቅዱሳንና ጻድቃን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ወይም ጥቂት ዘንበል ብለው ሲቀርቡ፣ ሰይጣን፣ ይሁዳና ሰማዕታትን የሚያሠቃዩ ወታደሮች ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ሽማግሌው ሥዕሌን ያነበቡት ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በተማሩት ቋንቋ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ደግሞ እኔ ክፉ ሰው ብያቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላውቀውን ሰው በጎን አልሥልም። ሁለቱም ዓይኖች እንዲታዩ አድርጌ ፊቱን በጥቂቱ ብቻ አዞረዋለሁ፤ የአፍንጫው ቁመትና የአገጩ አወጣጥ በዚህም አቀማመጥ በሚገባ ይታያል።

ይህን መመሪያ በዚህ ታሪክ የጀመርኩት ሥራችን በሙሉ በዚሁ ላይ የቆመ ስለሆነ ነው። በትልቅ ከተማ የሚሥል ሰው አንድ ደንበኛ ቢያስቀይም ሌላው ያን አይሰማም። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሞጣ ግን ዛሬ ያስቀየሙት ሰው ነገ በዕድር፣ ከነገ ወዲያ በገበያ ይገናኝዎታል፣ የሣሉትም ወረቀት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ስለዚህ በዚህ አገር የካሪካቸር ሠዓሊ የሚኖረው በተሣለው ሰው ፈቃድ ነው፤ ከዚህ በታች ስለ እርሳስም ሆነ ስለ ውል የምጽፈው ሁሉ ይህን ፈቃድ ስለ ማግኘትና ስለ መጠበቅ ነው።

ጭነቱን ማመዛዘን

ካሪካቸር የሚለው ቃል «መጫን» ከሚል የጣሊያንኛ ግሥ የመጣ ነው። አህያ ሲጫን ላየ የጎጃም ልጅ ይህ ትርጉም ከማንኛውም የሥነ ጥበብ ማብራሪያ በላይ ግልጽ ነው፤ በአንዱ ጎን የተጫነው ጤፍ በሌላው ጎን እኩያ ካላገኘ ጭነቱ ይጋደላል፣ መንገዱም ሳይጋመስ ይወድቃል። ፊትም እንዲሁ ነው። ጀማሪ ሠዓሊ አፍንጫውን ያገዝፋል፣ ከዚያ ጆሮውን፣ ከዚያ ጥርሱን፤ ሁሉም ከገዘፈ በኋላ ግን ምንም የገዘፈ ነገር የለም፣ ሰውየውም የለም። አንዱን ነገር ሲያተልቁ ከአጠገቡ ያለውን ማሳነስ አለብዎት። ሰፊ ግንባር የሚታየው አገጭ ሲያንስ ነው፤ ረጅም አንገት የሚረዝመው ትከሻ ሲጠብ ነው።

ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ መካከለኛውን ፊት በቃል ማወቅ ያስፈልጋል። በአዋቂ ሰው ላይ ዓይኖች ከራስ ቅል አናትና ከአገጭ ጫፍ እኩል ርቀት ላይ፣ ማለትም በጭንቅላቱ መካከል ይገኛሉ፤ ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። የፊት ስፋት በአምስት ዓይን ስፋት ይለካል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍተትም አንድ ዓይን ያክላል። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ይደርሳል። እነዚህን ልኮች መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ከሣሉ በኋላ ከልኩ የወጣው ነገር ሳይፈልጉት ይታይዎታል፤ «የዚህ ሰው ዓይኖች ከአንድ ዓይን በላይ ተራርቀዋል» የሚል ድምፅ በራሱ ይመጣል። የሚጫነው እርሱ ነው።

ለልምምድ የቅዳሜ ገበያንና መናኸሪያን የሚያህል ትምህርት ቤት አላገኘሁም። አውቶቡስ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል በአንድ አቀማመጥ ይቆያል። አንድን ፊት እስከ አሥር ቆጥረው ይመልከቱ፣ ከዚያ ፊትዎን አዙረው ከትዝታ ይሣሉት፤ በትዝታዎ የቀረው ነገር ካሪካቸሩ ነው፣ የረሱት ነገር ደግሞ ባይሣልም የሚቻል ነበር። እያዩ መሣል እጅን ያሠለጥናል፣ ዞሮ መሣል ግን ምርጫን ያስተምራል፤ ለእኛ የሚያስፈልገው ይበልጡን ሁለተኛው ነው። በዚህ ልምምድ የሣሉትን የማያውቁትን ሰው ሥዕል ለማንም አያሳዩ፣ በፌስቡክም አይለጥፉ፤ ምክንያቱን ስለ ሕግ በምጽፍበት ቦታ እመለስበታለሁ።

ምን እንደሚጋነን የመምረጥ ጉዳይ ብዙ ሠዓሊ የሚሳሳትበት ነው። እኔ ያገኘሁት ከሁሉ የተሻለው መንገድ የሚሣለውን ሰው መጠየቅ ነው፤ «ምንዎን ላግንን?» ብዬ ግን አልጠይቅም፣ ይህ ሰውን ያስፈራል። «ቤተሰብዎ በምን ይቀልዱብዎታል?» እላለሁ። አንዱ «በሳቄ» ይላል፣ ሌላዋ «ቡና ሳላጣጥም ቤት አልገባም ይሉኛል» ትላለች፣ ሌላው «ጋቢዬን አስሬ አስተካክላለሁ» ይላል። ቤተሰብ የሚቀልድበት ነገር አስቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ነገር ነው፤ ሰውየው ከእርሱ ጋር ኖሯል፣ በእርሱም ስቋል። ይህ ጥያቄ ሌላም ጥቅም አለው፦ መልሱን ሲመልስ ፊቱ ይፈታል፣ እርስዎም የሚሥሉት ያንን የተፈታውን ፊት ይሆናል።

በፍጹም የማይነኩ ነገሮችም አሉ። የበሽታ ጠባሳ፣ የአካል ጉዳት፣ የወለቀ ጥርስ፣ የታወረ ዓይን፣ ሰውየው ራሱ ካልጠየቀ በቀር፣ አይጋነኑም። የቄስ ጥምጥምና መስቀል መቀለጃ አይሆኑም፤ በትክክለኛ መጠናቸው ይሣላሉ። የእናቶች የግንባርና የአንገት ንቅሳት፣ የሹሩባ አሠራር፣ የጋቢ አለባበስ፣ የገበሬው ቁምጣና ዱላ የማንነት ምልክቶች ስለሆኑ ከፊቱ ይልቅ በእነርሱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዲት እናት አፍንጫቸውን በእጥፍ ባሳድግባቸው ይስቃሉ፤ የአንገታቸውን ንቅሳት አንድ ረድፍ ካጎደልኩባቸው ግን «ይህ የእኔ አይደለም» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

ስለ ዕቃ

በዕቃ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ጥሩ ሥራ በርካሽ እርሳስ ሲሠራ አይቻለሁ። 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ጥቁር ማርከር፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ጠንካራ ሰሌዳ፣ አራት መቆንጠጫና ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ለመጀመር ይበቃሉ። በወረቀት ግን አይቆጥቡ። ለፎቶ ኮፒ የሚውለው፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ወረቀት ማርከር ያሳልፋል፣ ሲጠቀለልም ይሸበሸባል፤ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ኤ4 እና ኤ3 ወረቀት ይያዙ። በአካባቢዎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ካጡት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲያገኙ የመንፈቅ ያህል አስገዝተው ያስቀምጡ፤ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ስለሆነች ሥራ ከተቀበሉ በኋላ ወረቀት ለማምጣት መሄድ ትርፉን ይበላዋል።

ሁለቱ ጠላቶቻችን ነፋስና ዝናብ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ በሁለት መቆንጠጫ የተያዘን ወረቀት ይገነጥላል፤ አራቱንም ማዕዘን ይያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ወረቀት እርጥበት ስለሚጠጣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ለደንበኛ መላኪያ እኔ የምጠቀመው ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በሜትር የሚገዛውን የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ እየቆረጥኩ ሁለቱን ጫፍ በፕላስቲክ እደፍናለሁ፣ ከባሕር ዳር ብቸና በአውቶቡስ የተላከ ሥዕልም ሳይታጠፍ ደርሷል።

ሰው ፊትዎ ተቀምጦ ሳለ

በሰርግ ወይም በምረቃ ላይ ለአንድ ሰው ያለዎት ጊዜ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የተቀመጠው ሰው ፊቱ ይደክማል፣ የቆመው ይሰለቻል። የመጀመሪያዋን ግማሽ ደቂቃ እርሳስ ሳይነኩ በጨዋታ ያሳልፉ፤ ከላይ ያልኩት ጥያቄ ቦታው እዚህ ነው። ቀጥሎ በቀጭን እርሳስ የጭንቅላቱን ቅርጽና የዓይኖቹን ቦታ ብቻ ያኑሩ፤ ቅርጹ ዕንቁላል ነው ወይስ ገበቴ፣ ሽቅብ ይሰፋል ወይስ ቁልቁል የሚለው እዚህ ካልተወሰነ በኋላ የሚሠራው ሁሉ አይረዳም። ከዚያ በማርከር ዓይኖቹን፣ አፍንጫውን፣ አፉን በተከታታይ ይጨርሱ፣ ፀጉሩንና ልብሱን በጥቂት ፈጣን መስመር ይዝጉ። በማርከር የገቡበትን መስመር ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ሁለት ጊዜ የተሄደበት መስመር ፍርሃትን ያሳያል።

ከጀርባዎ የሚቆመው ሕዝብ የሥራዎ አካል ነው። እርሱ ሲስቅ ሌላው ይሰበሰባል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ምን እየተደረገበት እንደሆነ ሳያውቅ ይሳቅበታል። ወጣቶች ይህን ይወዱታልና ሰሌዳውን ለሕዝቡ ክፍት ያድርጉት። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች፣ ለካህናትና ለሙሽራ እናት ግን ሰሌዳውን ወደ ራስዎ ያዘንብሉ፣ ሲጨርሱም ከሰው ሁሉ አስቀድመው ለእርሳቸው ያሳዩ። ቀድመው ራሳቸው ከሳቁ በኋላ ሌላው ቢስቅ አብረው ይስቃሉ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን ያው ሥዕል ስድብ ይሆናል። ልጅን ከመሣልዎ በፊት ወላጁን ማስፈቀድ ግዴታ ነው፣ ልጁ ራሱ ወንበሩ ላይ ዘሎ ቢቀመጥም።

ጊዜውን በቁጥር ማየት አስፈላጊ ነው። አምስት ደቂቃ ለሥዕሉ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ለመነሣትና ለመቀመጥ ቢቆጠር በሰዓት ስምንት ሰው ይወጣል፤ በሦስት ሰዓት ሃያ አራት። እጅዎ ስለሚደክም ለጋባዡ ሃያ ብለው ይንገሩት። ሦስት መቶ እንግዳ የጠራ የሙሽራ አባት ሁሉም የሚሣል መስሎት ከሆነ፣ ይህን ከሳምንት በፊት መስማቱ በድንኳን ውስጥ ከመስማቱ በእጅጉ ይሻላል። ሙሽሮቹን ራሳቸውን በዕለቱ ለመሣል አይሞክሩ። ከፎቶግራፍ አስቀድመው ሠርተው፣ በትልቅ ሰሌዳ አሳትመው እንግዶች እንዲፈርሙበት መግቢያው ላይ ያቁሙት፤ ይኸው ሥዕል ለጥሪ ካርዱም ያገለግላልና በአንድ ድካም ሁለት ክፍያ ያገኛሉ።

ዓመቱን በቀን መቁጠሪያ መያዝ

ሥራችን የሚሄደው በጾምና በፍስክ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ሳምንታት፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት የሰርግ ጊዜያት ስለሆኑ የዓመቱ ገቢ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በእነርሱ ነው። ሰኔና ሐምሌ የምረቃ ወራት ናቸው፤ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በቡድን መሣል ይወዳሉ። ለቡድን ሥዕል በሰው ብዛት ያስከፍሉ፣ ፎቶግራፎቹንም ከምረቃው ከሦስት ሳምንት በፊት ይሰብስቡ፣ አለዚያ ተመራቂው ወደ አገሩ ከሄደ በኋላ ሥዕሉ በእጅዎ ይቀራል።

በጥር ወር ሁለት ቀኖች የተለየ ዝግጅት ይፈልጋሉ። በጥምቀት፣ ታቦታቱ በሚያልፉበትና በባሕረ ጥምቀቱ አካባቢ ወንበር አያስቀምጡ፤ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ሰው በየመናፈሻው ሲበተን ሥራው ይመጣል። ጥር 23 ቀን ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። እዚያ የሚሄድ ሠዓሊ ፈረስ መሣል ካልቻለ ባይሄድ ይሻለዋል። ፈረሰኛው ስለራሱ አፍንጫ ግድ የለውም፤ የሚያየው የፈረሱን አንገት አያያዝ፣ የግላሱንና የልጓሙን ጌጥ ነው። ፈረሱን ሳያጋንኑ በክብሩ ልክ ይሣሉት፣ የሚያጋንኑትን ሁሉ በጋላቢው ፂምና ፈገግታ ላይ ያድርጉት። ፈረስ ቆሞ ስለማይጠብቅ ጌጡን በስልክ ፎቶ አንሥተው ቁጭ ብለው ይጨርሱት።

የዐቢይ ጾም 55 ቀናትና ከምረቃው በኋላ ያሉት የክረምት ወራት ባዶ ናቸው። በእነዚህ ጊዜያት የሚበሉትን በሰርግ ወራት ማስቀመጥ ያለብዎት መሆኑን የማይቀበል ሰው ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ይያዘው እንጂ መተዳደሪያ አያድርገው። እኔ በክረምት ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ፣ ለሱቆች ማስታወቂያ እሥላለሁ፣ በስልክ የሚመጡ ሥራዎችንም እሠራለሁ።

በስልክ የሚመጣ ሥራ

ከውጭ አገርና ከአዲስ አበባ የአባታቸውን ወይም የጓደኛቸውን ካሪካቸር የሚያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚልኩት ፎቶግራፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራስን በራስ በስልክ የተነሣ ነው፤ ይህም ለእኛ ወጥመድ ነው። ከፊት 30 ሴንቲሜትር ርቆ የተያዘ ካሜራ አፍንጫን፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር፣ 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል፤ ጆሮዎችንም ወደ ኋላ ይገፋል። በሌላ አነጋገር ፎቶው ራሱ አስቀድሞ ያጋነነውን ፊት እርስዎ እንደገና ያጋንኑታል፣ ሰውየውም የእርሱ ያልሆነ አፍንጫ ይሸከማል። ስለዚህ ሌላ ሰው ከሁለት ሜትር ርቆ፣ በዓይን ከፍታ፣ በመስኮት ብርሃን ያነሣቸውን ሦስት ፎቶዎች ይጠይቁ፦ አንዱ ፊት ለፊት፣ አንዱ ዘንበል ብሎ፣ አንዱ ሲስቅ። ከተቻለ ሲናገር የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይጨመርበት፤ ሰው አፉን እንዴት እንደሚይዝ ከፎቶ አይታወቅም።

በታብሌት የሚሠሩ ከሆነ ለኤ4 ኅትመት የሚሆነውን ሥዕል ከመጀመሪያው በ2480 በ3508 ፒክሰል ይክፈቱ፤ ይህ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ የሚታተም ነው። በትንሹ ከፍተው በኋላ ማሳደግ መስመሩን ያደበዝዘዋል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፣ ምክንያቱም እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቃል፣ ማተሚያ ቤት ሲደርስም የተበላሸው እርስዎ የሠሩት ይመስላል። መንገድ የሚዘጋባቸውና ኢንተርኔት የሚቋረጥባቸው ሳምንታት እንዳሉ ለደንበኛዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ የመረከቢያ ቀን ሲሰጡ ቢያንስ አሥር ቀን ይጨምሩ፣ ፎቶዎቹንም እንደደረሱዎት በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ የአንድ አባት ሰማንያኛ ዓመት ሥዕል ከልደታቸው ሁለት ሳምንት በኋላ ደርሷል፤ ገንዘቡን መለስኩ፣ ቅር ያሰኘኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም።

ዋጋና ውል

ዋጋ ሲተምኑ የሥዕሉን ደቂቃ ብቻ አይቁጠሩ። መሄጃና መመለሻ፣ ወረቀትና ማርከር፣ በስልክ የተነጋገሩበት ሰዓት፣ ደንበኛው የሚያስደርገው ማስተካከያ ሁሉ ይጨመሩ። በዝግጅት ላይ ለሚሠራ ሥራ በሰዓት፣ ለትእዛዝ ሥራ በፊት ብዛትና በወረቀት መጠን ያስከፍሉ። ግማሹን ቀብድ ሳይቀበሉ እርሳስ አያንሡ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የተላከ ቀብድ ማስረጃም ነው። ማስተካከያ በእርሳስ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ በነጻ እንደሚደረግ፣ በማርከር ከተሠራ በኋላ የሚጠየቅ ለውጥ ግን እንደሚከፈልበት በመጀመሪያው ውይይት ይናገሩ።

ዘመድና ጎረቤት በነጻ ወይም በግማሽ ዋጋ መጠየቃቸው አይቀርም። ዋጋ መቀነስ መጥፎ ልማድ ነው፣ የተቀነሰው ዋጋ በማግስቱ የሠፈሩ ዋጋ ይሆናልና። «ጋሼ፣ ለእርስዎ በገንዘብ አልሠራም» ብዬ በትንሽ ወረቀት በእርሳስ ብቻ የተሠራ ሥዕል በስጦታ እሰጣለሁ። ስጦታው ስጦታ፣ ዋጋውም ዋጋ ሆኖ ይቀራል፣ ዝምድናውም አይጎዳም።

ለድርጅት ሲሠሩ ግን ቃል አይበቃም። አንድ ድርጅት ለምሥረታ በዓሉ የሃያ ሠራተኞችን ካሪካቸር እንድሠራ በስልክ አዘዘኝ፤ ሥራው እየሄደ ሳለ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ደረሰ፣ እኔም «ያው ይከፈላል» ብዬ ጨረስኩት። የተከፈለኝ የሃያው ነበር፣ ያውም ከአምስት ወር በኋላ። ያዘዘኝ ኃላፊ ተዛውሮ ነበርና የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ ውል እጽፋለሁ፦ ስንት ፊት፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ቀን፣ በወረቀት ወይስ በፋይል፣ ሥዕሉ የት የት እንደሚለጠፍ፣ ቁጥሩ ቢጨምር በእያንዳንዱ ስንት እንደሚጨመር፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ። ገጹ አጭር ስለሆነ ማንም አይሰለችበትም። ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይጠቅማል፤ መለያ ቁጥር ለሌለው ሰው ከክፍያው ላይ የሚቀነሰው ግብር በብዙ ይበልጣል።

ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታወቁ ሰዎች፣ ለመንግሥት ሥራ ኃላፊዎችና በአደባባይ ለተፈጸሙ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ በመናኸሪያ የሣሏት ሻይ ሻጭ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይደለችም። በገጽዎ ላይ የደንበኛ ሥዕል ለመለጠፍ ከፈለጉ በውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምረው ያስፈቅዱ።

በሌላ በኩል ሥዕሉ የእርስዎ የፈጠራ ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊ በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የሚቆይ ጥበቃ ይሰጣል። ወረቀቱን የገዛ ሰው ወረቀቱን ገዛ እንጂ በቲሸርት ላይ አባዝቶ የመሸጥ መብት አልገዛም፤ ለዚያ ሌላ ስምምነት ያስፈልጋል።

የፖለቲካ ካሪካቸርን በተመለከተ አስተያየቴን በግልጽ እናገራለሁ። ባለሥልጣንን በሥዕል መተቸት ከፍ ያለ ታሪክ ያለው ሙያ ነው፤ ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝቡን ሀብት የሚውጥ ግዙፍ አድርጎ በመሣሉ እ.ኤ.አ. በ1832 ስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል። ነገር ግን ያ ሥራ የሚሠራው ያለ ተሣዩ ፈቃድ ነው፣ የእኛ ደግሞ በፈቃዱ፤ ሁለቱን በአንድ ወንበር ላይ አያቀላቅሉ። የሰርግ ደንበኛዎ ማስታወሻ ሊይዝ እንጂ በማንም ወገን ሊመዘገብ አልመጣም። በየትኛውም ዓይነት ሥዕል ቢሆን ግን ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም የአካል ጉዳትን መነሻ አድርጎ ጥላቻ የሚያነሣሣ ምስል በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም ኖሮ እኔ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ስሜን አልፈርምም።

ፊርማ

ፊርማን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት። አሜሪካዊው የካሪካቸር ሠዓሊ አል ሂርሽፌልድ ሴት ልጁ ከተወለደችበት ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሟን በሥዕሎቹ የፀጉርና የልብስ መስመር ውስጥ ይደብቅ፣ ከጊዜ በኋላም ስንት ጊዜ እንደደበቀው ከፊርማው አጠገብ በቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ተመልካቹም ስሟን ሲፈልግ ሥዕሉን በሙሉ ይመለከት ነበር። እርስዎ ይህን ማድረግ አይጠበቅብዎትም፣ ግን ፊርማዎ ከፊቱ ርቆ፣ ከታች በቀኝ ወይም በግራ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅርጽ ይሁን። በሰውየው ልብስ ላይ አይፈርሙ።

ወረቀቱን ከማስረከብዎ በፊት ገልብጠው በጀርባው ላይ በእርሳስ የሰውየውን ስም ቤተሰቡ እንደሚጠራው፣ ከተማውን፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፣ በመጨረሻም ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ። ብዙ ሥዕል ፍሬም ቤት የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው፤ ፍሬም ሠሪው ወረቀቱን ሲገለብጥ ቁጥሩን ያገኘዋል፣ ለሚቀጥለው ሰርግ ሠዓሊ የሚፈልግ ሰው ሲመጣም የሚደውለው ወደዚያ ነው።